የሾፌሩ መቶ

መምህርቷ የዚያን ዕለት በሩን ገፍትራ ነው የገባችው። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና ሰላም ሳትል ቆመች። ተማሪው ሁሉ የቤት ሥራውን ውጤት አይቶ ስለነበር ትንፍሽ ያለ የለም። ከጥቂቶች በቀር ክፍሉ በሙሉ ወድቋል፤ ሰቃይ የሚባሉት እንኳ አርባዎቹን አልዘለሉም። አንድ ሰው ብቻ መቶ ከመቶ አግኝቷል።

መቶ ያገኘው ሾፌሩ ነበር። ሾፌር ማለት የዳቦ ስሙ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ነው ኮሌጅ የገባው። በዕድሜው ለብዙዎቹ ተማሪዎች አባት ይሆናል፤ ለአንዷማ አባቷ ነው። «አባዬ፣ ቤት ቁጭ ብለህ ከእማዬ ጋር ከምትነታረክ አብረን እንማር» ብላ ወትውታ እንዲመዘገብ ያደረገችው እሷ ናት። እሷ ከፊት ትቀመጣለች፣ እሱ ከኋላ። በትምህርቱም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ሲቆጠር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ፣ ከታች ሲቆጠር ደግሞ እሱን ለማግኘት ብዙ አያደክምም። እሱም ይህን አይደብቅም። «ወይ ጊዜ! ዕድሜዬን ከፊት ተቀምጬ፣ አሁን ከኋላ ልቀር» እያለ ያስቃቸዋል።

የቤት ሥራው ስለ ሊንክ ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተር ውስጥ ሲምቦሊክ ሊንክ የምትባል ፋይል አለች፤ በሆዷ የያዘችው የሌላ ፋይል አድራሻ ብቻ ነው። አንድ ፕሮግራም ያቺን ፋይል ክፈትልኝ ሲል፣ ከርነል የሚሉት የኮምፒውተሩ አዛዥ አድራሻውን ያነብና ወደተጻፈው ቦታ ይሄዳል፤ ጠያቂው ግን ሌላ ቤት መግባቱን እንኳ ልብ አይልም። አድራሻው ሌላ ሊንክ ላይ ቢጥለው ያንንም ይከተላል። ሊንክ ሊንክን እየጠቆመ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነበት አርባ ጊዜ ያህል ይታገስና በቃኝ ይላል። ተማሪዎቹ የታዘዙት ይህንን የከርነሉን መንገድ ተከትሎ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም እንዲጽፉ ነው። በየተማሪው ፎልደር ውስጥ «ሥራ» የሚል ባዶ ፋይል ተቀምጦላቸዋል፤ እሱን መሙላት ነው።

የሚያርመውም ሰው አልነበረም። መምህርቷ ራሷ የጻፈችው አራሚ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ሥራ ከሷ መልስ ጋር እያስተያየ ነጥብ ይሰጣል። ትኮራበት ነበር። ሌሎቹ መምህራን ወረቀት ተሸክመው ሲንገላቱ «እኔ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ምሳዬን እበላለሁ» እያለች ታበሽቃቸው ነበር።

የሾፌሩን መቶ ስታይ ያደረገችው ነገር አንድ ነው፤ የሱን ፋይልና የራሷን መልስ አወዳድርልኝ ብላ ኮምፒውተሩን ጠየቀች። ኮምፒውተሩም አንዲት ፊደል እንኳ አይለያዩም አላት። ሁለት ሰው ተለያይቶ ተቀምጦ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ፕሮግራም አይጽፍም። ለሷ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ፋይሉን ከፍታ ማንበብ እንኳ አላሰኛትም። የተናደደ ሰው ማስረጃ ካገኘ ሁለተኛ አያይም።

«ተነስ» አለችው።

እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ፤ አንዳንዱም ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

ሾፌሩ ሌላ ሰው ይሆን እንዴ ብሎ ዞር አለ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ነው። «እኔን ነው?»

«አንተን ነው። የኔን መልስ ከየት አገኘኸው?»

«የርስዎን መልስ? ኧረ መምህር፣ የራሴን ነው የጻፍኩት። ቤቴ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ፣ እዚህ አምጥቼ ፎልደሬ ውስጥ ባለው ፋይል ላይ ገለበጥኩት። እንዳዘዙን ነው ያደረግኩት።»

«ከኔ መልስ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ይሄስ እንዴት ሆነ?»

«እሱ ለኔም አልገባኝም።»

«ለኔ ገብቶኛል። በዚህ ዕድሜህ ትንሽ አታፍርም?»

ሾፌሩ የሚይዘውን አጣ። አንዴ ጠረጴዛውን፣ አንዴ የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ልጁ አየ። ምናልባት እሷ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ይሆናል።

ልጁም ተነሳች። ስለ ሊንክ ደጋግማ ያስረዳችው እሷ ነበረች፤ አንድ ቦታ ላይ ሁሌ እንደሚሳሳትም ታውቃለች። አባቷ መቶ ሊያገኝ እንደማይችል ከመምህርቷ የበለጠ እርግጠኛ የነበረችው እሷ ናት። ፊቷ በእፍረት ደም መስሏል። የጓደኞቿን ዓይን ጀርባዋ ላይ እየቆጠረች ቆማለች።

«አባዬ፣ በናትህ እመንና ይብቃን» አለች። «ሰው እያየን ነው።»

ሾፌሩ ልጁን ትክ ብሎ አያት። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሰርቄያለሁ። በቃ፣ ተቀመጪ እማዬ።»

መምህርቷ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። ኃላፊው ጠብ የማይወድ፣ ነገር ሁሉ በለስላሳው ቢያልቅ የሚመርጥ ሰው ነው። ግን የኮሌጁ ደንብ ደንብ ነው፤ የሰረቀ ተማሪ ይሰናበታል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል፤ ሰውየው ራሱ ስላመነም ክርክር አያስፈልገውም። «ማስረጃሽን ብቻ አዘጋጂ» አላት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ገብታ ሁለቱን ፋይሎች አትማ ጎን ለጎን ልታስቀምጥ ተሰናዳች። መጀመሪያ የራሷን መልስ ከፈተች።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በኮዱ መሀል ለራሱ ማስታወሻ ጣል ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ይዘለዋል፣ የሚያነበው ሰው ነው። የመምህርቷ ማስታወሻዎች ደረቅና አጭር ናቸው። አሁን ግን በራሷ ፎልደር ውስጥ፣ በራሷ ስም በተመዘገበው ፋይል ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ፣ ቁም።» ዝቅ ሲል ደግሞ፦ «መንገዱ ዝግ ነው። ተመለስ፣ ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቅ።» ትንሽ ዝቅ ሲል፦ «ይችን ልጄ ነግራኝ ነበር፣ ረሳኋት። ማታ እሷን መጠየቅ።»

ክው አለች። መጀመሪያ ሾፌሩ ቢሮዋ ገብቶ የነካካባት መሰላትና ለአፍታ ደስ ሊላት ሁሉ ቃጣ። ከዚያ ግን የሱን ፎልደር ከፈተች፤ ሊንኮችን ሳትከተል፣ ሊንክ መሆናቸውን ብቻ አሳየኝ ብላ አዘዘች። «ሥራ» የተባለው ፋይል ፋይል አልነበረም፤ ሊንክ ነበር። ከጎኑ ያለው ቀስት በቀጥታ ወደሷ መልስ ይጠቁማል። ሊንኩን የሠራው ሰው ስም አጠገቡ ተጽፏል፤ የራሷ ስም ነው።

ያኔ ሁሉም ትዝ አላት። አራሚ ፕሮግራሟን ስትሞክር፣ ትክክለኛ መልስ ቢሰጠው መቶ ይሰጥ እንደሆነ ለማየት፣ ከዝርዝሩ የመጀመሪያ በሆነው ፎልደር ውስጥ በ«ሥራ» ፋይል ቦታ ወደ መልሷ የሚወስድ ሊንክ አኑራ ነበር። አራሚው መቶ ሰጠ፤ እሷም ደስ ብሏት ሊንኩን ሳታነሳ ምሳዋን ልትበላ ወጣች። በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ፈቃድ የለህም እያለ ሲያስቸግራት ፋይሏን ለሁሉም ክፍት አድርጋው ነበር፤ የፈለገ ያንብብ፣ የፈለገ ይጻፍ ብላ። የመጀመሪያው ፎልደር የሾፌሩ ነው፤ ማልዶ ተነስቶ ከሁሉም ቀድሞ የተመዘገበ እሱ ስለሆነ።

የቀረውን ከርነሉ እንደ ደንቡ ሠራው። ሾፌሩ ሥራውን አምጥቶ «ሥራ» በሚለው ላይ ሲገለብጥ፣ ከርነሉ ሊንኩን ተከትሎ ሄደ፤ የመምህርቷን መልስ አጥፍቶም የሾፌሩን በቦታው ጻፈ። ሾፌሩ ምንም አላወቀም። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ የታረመው በሾፌሩ መልስ ነው። እሱ የተሳሳተውን የተሳሳተ ነጥብ አገኘ፣ በትክክል የሠራ ወደቀ። ሁለቱ ፋይሎች ፊደል በፊደል አንድ የሆኑት ደግሞ ድሮውንም አንድ ፋይል ስለሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ የሾፌሩን ሥራ ከራሱ ከሾፌሩ ሥራ ጋር አስተያይቶ «አይለያዩም» ብሏት ነበር፤ እውነቱን ነው።

ይህንኑ ነው በየዓመቱ የምታስተምረው። ሊንክን ስትከፍቱ ከርነሉ ይከተላል፣ ስትጽፉበትም ይከተላል፣ ተጠንቀቁ እያለች ጥቁር ሰሌዳ ትደበድባለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ጆሮዋ ድረስ ጋላት። «በዚህ ዕድሜህ» ያለችው በገዛ ድምፅዋ ተመልሶ መጣባት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች፤ መሬት ግን እንዲህ ላለው ጉዳይ ተከፍታ አታውቅም። አፈረች። በሰው ፊት እንደሚያፍሩት ሳይሆን ማንም በሌለበት፣ ለብቻዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን የምታሳርፍበት እስክታጣ ድረስ አፈረች።

ከእፍረት ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ መደበቂያ መፈለግ ነው። መደበቂያው ደግሞ ቅርብ ነበር። ከርነሉ ሲከፍትና ሲጽፍ ሊንክን ይከተላል እንጂ ሲሰርዝ አይከተልም፤ ሊንኩን ብቻ ያነሳና ይጥላል። አንድ አጭር ትእዛዝ ብትጽፍ ቀስቱም፣ ስሟም ይጠፋሉ። የቀድሞ መልሷ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ስላለ እሱን አምጥታ በቦታው ትመልሳለች። ሰውየው እንደሆነ አምኗል። ማን ያውቃል? ትእዛዙን ጻፈችው። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀረ።

አልተጫነችውም። ጀግንነት ነው አይባልም። «ማታ እሷን መጠየቅ» የሚለው ጽሑፍ ከስክሪኑ ጥግ ላይ አልጠፋ አላት። የጻፈችውን ትእዛዝ አጥፍታ ወደ ኃላፊው ተመለሰች።

ኃላፊው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያ በሩ መዘጋቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ፣ እንዲህ ብናደርግስ» አላት። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነበር እንበልና ውጤቱን በሙሉ እንሰርዘው። ሰውየውን ኮሚቴ ፊት አናቀርበውም። እሱም ይድናል፣ አንቺም ትድኛለሽ። ማን ይጎዳል?»

«ኮምፒውተሩ አልተበላሸም እኮ።»

«እሱ አይሰማሽም፣ አይከፋውም። በኮምፒውተር አሳብቦ ያልዳነ መሥሪያ ቤት የለም።»

ሳቀ። እሷም አብራው ፈገግ አለች፤ በኋላ ይበልጥ ያሳፈራት ይህቺ ፈገግታ ናት። «እሺ» ብላው ወጣች። ሾፌሩ አይባረርም፤ ይሄ አይበቃም? ይበቃል እያለች እስከ ቤቷ ድረስ ራሷን ስታባብል ሄደች። ቤት ስትደርስ የቀድሞ መልሷን አውጥታ የሁሉንም ሥራ እንደገና አሳረመች።

በማግሥቱ ሾፌሩ ክፍል ውስጥ ነበር። «እስኪያባርሩኝ ልማር» ብሏል አሉ። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ልጁ ከፊት ናት፣ ቀና አላለችም።

«ስለ ትናንቱ ውጤት» አለች መምህርቷ፣ እያሳለች። «ኮምፒውተሩ ላይ ችግር ነበር። የሁላችሁም ውጤት ተሰርዟል፣ እንደገና ይታረማል።»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። «እኛስ ብለን ነበር፣ ጠጥቶ ነው ያረመው!» አለ አንዱ ቀልደኛ። ሳቅ ሆነ። መምህርቷም ቀለል አላት፤ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብላ አላሰበችም ነበር።

ከኋላ እጅ ወጣ። የሾፌሩ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፣ መምህር» አለ። «ታዲያ እኔ የሰረቅኩት ከተበላሸው ኮምፒውተር ነው ማለት ነው?»

ይበልጥ ሳቁ። ጥርስ የማያስከድን ሰው ስለሆነ ቀልድ መሰላቸው። እሱ ግን አልሳቀም። እጁን ገና አላወረደውም፤ መልስ እየጠበቀ ነው።

ያኔ ገባት። ኮሚቴው ቢቀር፣ ውጤቱ ቢሰረዝ፣ ይህ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ሌባ ሆኖ ይቀራል። እቤቱም ሌባ ሆኖ ይገባል። ያዳነችው ራሷን ብቻ ነው።

«አይደለም» አለች። «ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። አሁን የነገርኳችሁ ውሸት ነው።»

የራሷን ስክሪን ግድግዳው ላይ አበራችው። ሊንኩን አሳየቻቸው፣ ቀስቱን አሳየቻቸው፣ የራሷን ስም በጣቷ ነካችው። የሾፌሩ ሥራ በምን በኩል አልፎ የሷን መልስ እንዳጠፋ፣ ሁላቸውም በማን መልስ እንደታረሙ አንድ በአንድ ተናገረች። ልትሰርዘው ትእዛዝ ጽፋ እንደነበርም አልደበቀችም። ተማሪዎቹ የሚሉትን «ወይ ጉድ» ሁሉ እየዋጠች እስከ መጨረሻው ቆመች። ከዚያ ሾፌሩን አየችው።

«እርስዎ ምንም አልሰረቁም» አለች። «የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የሰደብኩዎትም እኔ ነኝ። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩዎት፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ኮሚቴው ፊት ሰኞ የምቀርበው እኔ እሆናለሁ።»

ሾፌሩ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጥሩ» አለ። «ታዲያ ለኔ ስንት ደረሰኝ?»

እንደገና የታረመውን ውጤት አወጣች። ልጁ ከሁሉም በላይ ሆናለች። ሾፌሩ ሃምሳ አራት አግኝቷል፤ ያችን ሁሌ የሚሳሳታትን ነገር እንደገና ተሳስቷል። ሊንክ ውስጥ ያለ አጭር አድራሻ የሚነበበው ሊንኩ ካለበት ቦታ ተነስቶ ነው፤ እሱ ግን ጠያቂው ፕሮግራም ከቆመበት ነው ያስነሳው።

«ሃምሳ አራቷ የኔ ናት» አለ። «መቶውን ስሰማ ራሴም ደንግጬ ነበር።»

አሁን የሳቀ አልነበረም። ልጁ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። ሰው ሁሉ እስኪያልፍ እሱም ዘገየ። ልጁ ተከትላው ወጥታ ጥቂት ራቅ ብላ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

«ጋሼ» አለች መምህርቷ፣ «ክፍል ውስጥ ያልኩት አይበቃም ብዬ ነው። ምን ባደርግ እንደሚሻል አላውቅም። በእውነት በጣም አፍሬያለሁ።»

«ይሁን» አላት። ቁጣ አልነበረበትም። «ይቅር ብዬዎታለሁ። እርስዎን ማሽን አሳሳተዎት። ደግሞስ የት ያውቁኛል? ለርስዎ አንድ ተማሪ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ግን ኮሪደሩ ባዶ ስለነበር ዝቅ ማለቱ አልጠቀመም። «ልጄንስ ማን አሳሳታት?»

መምህርቷ መልሱን ታውቀዋለች። «እኔ» ልትል ፈለገች፤ ግን ይህኛውን ጥፋት ልውሰድ ብትለው እንኳ እንደማይሰጣት ከፊቱ አየች።

ልጁ ቀረበች። ዓይኗ አብጧል። ቦርሳውን ልትይዝለት እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ አምጣ እኔ ልያዝልህ።»

«አይከብድም፣ የኔ እናት» አላት በለሆሳስ፣ ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ትከሻው እያዛወረ። «እችለዋለሁ።»

ደረጃውን በሚያመው እግሩ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ልጁ አልተከተለችውም። እሷና መምህርቷ የሱን እርምጃ እየሰሙ፣ አንዷ አንዷን ሳታይ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ።